ጃንጂራ ላይ «ሃን» ያልኩት እኔ ነኝ

እሺ። እየቀዳሁ ነው። ከኋላ የሚጮኸው ፍሪጁ ነው፤ አዎ፣ አሁንም አላሰራሁትም።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ነበር። ግን ትናንት ማታ ስልኬ ሞልቶ ፎቶ ሳጠፋ የጃንጂራ፣ የዚያ የሕንዱ የባሕር ምሽግ፣ ፎቶዎች መጡብኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

የፑኔውን ዘመን፣ ሕንድ የተማርኩበትን፣ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ጃንጂራ የሄድነው በመጨረሻው ሴሚስተር ነው። እኔና ያ በቡና ጉዳይ እዚሁ ፖድካስት ላይ ያዋረደኝ ልጅ። የአሶሳው።

ከሙምባይ በስተደቡብ ሙሩድ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። አጠገቧ ካለችው ራጃፑሪ መንደር በሸራ ጀልባ ትሳፈራላችሁ። እኔና ውሃ ደግሞ… ሶደሬ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ምሽጉ ባሕሩ ላይ ነው። ደሴቲቱ ዙሪያዋን ግንብ ለብሳለች፤ ግንቡ ከውሃው ነው የሚነሳው። እየቀረባችሁ በር ትፈልጋላችሁ፣ በር የለም። ጀልባው ግድግዳውን ሊገጭ ነው ስትሉ በሩ ከሁለት ማማዎች መሀል ብቅ ይላል። ሆን ተብሎ ነው። ጠላት በሩን ባየበት ሰዓት መድፉ ሥር ገብቷል።

መውረጃው ላይ ዘላችሁ ነው የምትወርዱት። ጀልባው ይወዛወዛል። ባለ ጀልባው ሽማግሌ የእያንዳንዱን ሰው እጅ እየያዘ ያሻግራል። የኔን ያዘ፣ ዘለልኩ። ጮህኩ። እሺ፣ ጮህኩ። ቀጥሎ የጓደኛዬን እጅ ያዘ። ያዘና አልለቀቀውም። ፊቱን ትክ ብሎ አየው።

«ሐብሺ?» አለው።

ጓደኛዬ አፉን ሳይከፍት፣ እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ በዚያች አሥር ቃል በማትሞላ ሂንዲዬ «ሃን! ሃን! ኢትዮጵያ! ሁለታችንም!» አልኩ። «ሃን» አዎ ማለት ነው። ሽማግሌው ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ መልሶ እሱን አየ። ለተሳፋሪው በማራቲ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ከጓደኛዬ ጋር ፎቶ። ከእኔ ጋርም አንድ ሰው ተነሳ። ለይሉኝታ ይመስለኛል።

አሁን፣ ለምን ሐብሺ? የምሽጉ ጌቶች ሲዲዎች ናቸው። ሐብሺም ይሏቸዋል፤ ግዛታቸው ራሱ «ሐብሳን» ይባል ነበር። ከኛ በኩል በባርነት ቀይ ባሕርን ተሻግረው፣ ተሽጠው፣ ሕንድ ደርሰው ወታደር የሆኑ ሰዎች። ከወታደርነት አዛዥ፣ ከአዛዥነት ገዢ። ማሊክ አምበርን አንድ ቀን በደንብ አወራዋለሁ ብያለሁ፣ አወራዋለሁ። እሱም እንደዚሁ ተሽጦ ሄዶ ዴካን በሚባለው የሕንድ ደጋ ላይ ንጉሥ አንጋሽ ሆኖ በ1626 የሞተ ሰው ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግራችሁ።

ጃንጂራን ማራታዎች፣ የዚያው አገር ሰዎች፣ ሊይዙት ያልሞከሩት ነገር የለም። ያ ሐውልቱ በየአደባባዩ ያለው ንጉሣቸው ሺቫጂ ደጋግሞ ሞክሮ አልቻለም። ልጁ ሳምባጂ ደግሞ እልህ ያዘው መሰለኝ፣ ከየብሱ እስከ ምሽጉ ባሕሩን በድንጋይ ደልድሎ በእግር ሊገባ ሞከረ። አስቡት፣ ባሕር ሲደለድሉ! እሱም አልሆነም። ውስጡ ጨው ያልነካው ውሃ ያለባቸው ሁለት ኩሬዎች አሉ፤ በጥም አታሸንፋቸውም። ካላል ባንግዲ የሚባል ግዙፍ መድፍ እስከ ዛሬ ማማው ላይ ተጋድሟል። እስከ 1948፣ ሕንድ እስክትቀላቅለው ድረስ፣ በሲዲዎቹ እጅ ነበር።

እና ሲዲዎቹ በ1689 ቦምቤይን፣ የዛሬዋን ሙምባይ፣ ራሷን ከበቧት። እንግሊዞቹን! ግንባቸው ውስጥ ዘጉባቸው። እንግሊዞቹ ሲዲዎቹ ያገለግሉት የነበረውን የሙጋል ንጉሥ ይቅርታ ጠይቀው፣ 150,000 ሩፒ ከፍለው ነው የተገላገሉት። እዚህ ላይ እኔ መድፉ ላይ ወጥቼ… ቪዲዮው አለ። አታዩትም።

አስጎብኚው ደግሞ ሌላ ነገር ነገረን። ቦታው መጀመሪያ የኮሊ ዓሣ አጥማጆች የእንጨት ምሽግ ነበር። ሲዲዎቹ ነጋዴ መስለው መጡ፣ ወታደሮቻቸውን በርሜል ውስጥ ደብቀው አስገቡ፣ ባለቤቶቹን አስክረው ወሰዱት አለን። ተረትም ሊሆን ይችላል። ግን ያን ጊዜ ያንን ሽማግሌ ባለ ጀልባ አሰብኩ። «ሐብሺ» ሲል አድናቆት ነው ብዬ ነበር የወሰድኩት። እንጃ።

ምን ልላችሁ ነበር… አዎ። አዲስ አበባ እያለን አብረን ካፌ ስንገባ አስተናጋጇ እኔን በአማርኛ፣ እሱን በእንግሊዝኛ ነው የምታናግረው። እሱ በአማርኛ ይመልሳል፣ ከኔ በጠራ አማርኛ። «ውይ! ሐበሻ ነህ እንዴ?» ስንቴ ስቀናል በዚህ። አሁን ሳስበው፣ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

አያቴ ቤት እሱን ለሚመስል ሰው የምትባል ቃል ነበረች። አልደግማትም፣ ታውቋታላችሁ። ማንም ስድብ ነው ብሎ አያስባትም ነበር፤ እንደ «ረጅም»፣ እንደ «ወፍራም» ነው የምትባለው። ያ መርከብ ላይ የተጫነው ሰውዬ እዚህ እያለ ሐበሻ ብሎ የጠራው ሰው ነበር? አይመስለኝም። እዚህ ስሙን ነፍገው ሸጡት፤ ባሕር ማዶ ሰጡት። እኔ ደግሞ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ሄጄ «ሁለታችንም!»

ወይ ደግሞ እያጋነንኩ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ በቃ። ሰው አገሩን ባሕር ማዶ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። በሩ ላይ ዝሆኖችን በመዳፉ የጨበጠ አውሬ ተቀርጿል፤ «አንበሳችን!» ብዬ ፎቶ ተነስቻለሁ። ነብር ነው ይላሉ።

ኩሬው ዳር ስንቀመጥ ጓደኛዬ ብስኩቱን እየበላ «የተጠየቅኩት እኮ እኔ ነበርኩ» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ስለ ባቡር ሰዓት አወራን።

እየሳቀ ነበር። እንደዚያ ነው የማስታውሰው።

ትናንት ማታ ረጅም መልእክት ጻፍኩለት፣ አጠፋሁት። ድጋሚ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። በመጨረሻ ፎቶውን ብቻ ላክሁለት፣ ደረጃው ላይ ያለውን፣ ሽማግሌው እጁን እንደያዘው። እኔ ጠርዝ ላይ ነኝ፣ አፌን ከፍቼ። አይቶታል። ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆኗል።

ቆይ፣ ስልኬ… አይ፣ ባንክ ነው።