ሮንዴላ ቀይራችሁ ኮፓውን ሳታዩ መኪና አትሸኙ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች፣ ሹፌሮችና ባለመኪኖችም መጥታችኋል አሉኝ፣ ጥሩ አረጋችሁ፣ ሂሳቡን ምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማወራው ኢንጀክተር፣ ማለት ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ሚረጨው እቃ፣ ስር ስለምትቀመጠው የመዳብ ሮንዴላ ነው፣ ጋዝ እንዳያመልጥ ምትዘጋዋ ቀጭን ቀለበት።

ሀገሩን የሞላውን ሃይሉክስና ፕራዶ ውሰዱ፣ ባለ 3.0 ሊትሩን ዲ ፎር ዲ፣ ዋን ኬዲ ሚባለውን የናፍጣ ሞተር ማለቴ ነው። እሱ ላይ ሮንዴላዋ ስታሳልፍ ከውጪ ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም፣ መሬት ላይ ጠብ ሚል ናፍጣ የለም፣ ምክንያቱም ሚያመልጠው የቃጠሎው ጋዝ ነው፣ የቫልቭ ክዳኑ ስር ይገባና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል፣ ጥላሸቱ ኮፓ፣ ማለት ሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ፣ ውስጥ ወርዶ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍነዋል። ከዛ በኋላ የዘይት ግፊት ይወርዳል፣ ተርቦው ይበላሻል፣ መጨረሻ ሞተሩ ግሪፕ ያረጋል፣ ተጣብቆ ይቆማል። ባለመኪናው ግን ጠዋት ሲያስነሳ ትንሽ ሲንኳኳና ነጭ ጭስ ሲያወጣ "ብርድ ነው" ብሎ አልፎታል።

ስለዚህ አራቱን ሮንዴላ ቀይሮ "ጨርሰናል" ሚል ሜካኒክ ለኔ ስራውን ግማሽ ላይ ነው ያቆመው። ኮፓውን አውርዱ፣ ወንፊቱን በአይናችሁ እዩ። ባለቤቱ ተጨማሪ ሰዓት ታስከፍሉኛላችሁ ብሎ ይጮሃል፣ ይጩህ፣ የተደፈነውን ወንፊት አሳዩት ዝም ይላል።

የኢንጀክተሩ አወጣጥ ላይ ደግሞ መዶሻና ፌሮ አላይም! ጭንቅላቱ ላይ ኤሌክትሪክ ያለበትን እቃ እየፈነቀላችሁ ምን እንዲተርፍላችሁ ነው? መጀመሪያ ዙሪያውን አጽዱ፣ ዝገት ማስለቀቂያ ረጭታችሁ አሳድሩት፣ ቀስ እያላችሁ ግራ ቀኝ ወዝውዙት፣ እምቢ ካለ በትክክለኛው መጎተቻ ሳቡት። የቱ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ምልክት አርጉ፣ እያንዳንዱ ኢንጀክተር የራሱ ኮድ አለው፣ ካቀያየራችሁት ወይ አዲስ ካስገባችሁ ኮዱ በመመርመሪያ ማሽን የመኪናው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት አለበት።

አሮጌዋ ሮንዴላ አንዳንዴ ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች። በባትሪ ብርሃን ሳታዩ አዲሷን ከላይ ከደረባችሁ በሳምንቱ ያው መኪና ተመልሶ ይመጣል። የሮንዴላዋን መቀመጫ ስታጸዱ ቀዳዳውን ግሪስ በነካ ጨርቅ ድፈኑት፣ ፍቅፋቂው ፒስተን ላይ እንዳይወድቅ፣ ስትጨርሱ ጨርቁን ማውጣት እንዳትረሱ። የኢንጀክተሩን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ የለም፣ ቀዳዳዎቹ በአይን እንኳን በቅጡ አይታዩም እኮ። የወጣች ሮንዴላ ተመልሳ አትገባም፣ አጠባበቁም ማኑዋሉ ባለው ቁጥር በቶርክ ቁልፍ ነው፣ በክንድ ግምት አይደለም።

አስነስታችሁ ማፍሰሱን ስታዩ ደሞ በእጅ መዳሰስ የለም፣ ቱቦው ውስጥ ያለው የናፍጣ ግፊት ከ1,000 ባር ሊያልፍ ይችላል፣ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል። በካርቶን ነው ሚታየው። ናፍጣው ድንገት ከወጋችሁ ቁስሉ ነጥብ ብታክልም ያኔውኑ ሆስፒታል፣ ነገ አያድርም።

ዘይትና ፊልትሮ አብራችሁ ቀይሩ፣ ትንሽ ከተነዳ በኋላም ዘይቱን ዳግም እዩት። በሉ ቱታ የለበሳችሁ ተከተሉኝ፣ ውጪ ኮፓው የወረደ ሃይሉክስ አለ፣ ወንፊቱን ገና አልነካነውም።