ቲዩብ አምፑ ይጩህ፣ ጎረቤቱ ይተኛ፦ አቴኑዌተር እንስራ

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ሳጥን ነው የምንሰራው። አራት ሬዚስተር፣ ሁለት ጃክ፣ አንድ የብረት ሳጥን። በቃ። ከዚህ በላይ ውስብስብ ነገር የለውም፤ ግን አንድ ሽቦ ቦታውን ከሳተ የአምፓችሁን አውትፑት ትራንስፎርመር፣ ቲዩቡንና ስፒከሩን የሚያገናኘውን፣ ይዞት ይሄዳል፣ የትራንስፎርመሩን ዋጋ ደግሞ የጠየቀ ያውቀዋል። ስለዚህ ቪዲዮውን እየዘለላችሁ አትዩት። አውቃለሁ፣ ትዘላላችሁ። ዛሬ ብቻ አትዝለሉ።

ችግሩን ታውቁታላችሁ። ቲዩብ አምፕ፣ በትራንዚስተር ፋንታ በመስታወት ቲዩብ የሚሰራው የጊታር ማጉያ፣ የሚጣፍጠው ሲገፋ ነው። ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ድምፁ ውሃ ውሃ ይላል፣ ከፍ ሲል ደግሞ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ በር ያንኳኳል። ጊታሪስት ነኝ ያለ ሁሉ የሚመኘውን ማርሻል ጄሲኤም800 ውሰዱ፣ ባለ50 ዋቱን፣ 2204 የሚሉትን። ሁለት ኢኤል34 ቲዩብ። 50 ዋት ስትሰሙ ትንሽ ይመስላል፣ የቤት ቴፕ 500 ዋት ተብሎ ይሸጥ የለ! ግን የዚህ 50 ዋት የእውነት 50 ዋት ነው፣ በስቱዲዮ ቤት ውስጥ የብርጭቆ መደርደሪያ ያንቀጠቅጣል።

መፍትሄው አቴኑዌተር የሚባል፣ በአምፑና በስፒከሩ መሃል የሚገባ ሳጥን ነው። አምፑ እስኪበቃው ይጮሃል፣ ሳጥኑ አብዛኛውን ጉልበት ይውጠዋል፣ ስፒከሩ ጋ የተረፈው ይደርሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቦስተን ባንድ ጊታሪስት ቶም ሾልዝ፣ ኤምአይቲ የተማረ፣ ፖላሮይድ ውስጥ በኢንጂነርነት የሰራ ሰውዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ፓወር ሶክ ብሎ ገበያ ላይ አውጥቶታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኩባንያ ሰርቶታል። እኛም እንሰራዋለን፣ ምን ይለናል።

በነገራችን ላይ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ እያየኋችሁ ነው።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ። ወፍጮ ቤት። በልጅነታችሁ ጤፍ ተሸክማችሁ ወፍጮ ቤት ተልካችሁ ታውቃላችሁ? ሞተሩ አለ። ሞተሩ በቺንጋ ድንጋዩን ያዞራል። እህሉ ከላይ ይወርዳል፣ በሁለቱ ድንጋዮች መሃል ያልፋል፣ ከታች ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ዱቄቱ ትኩስ ነው፣ እጃችሁን ስታስገቡበት ይፋጃል። ያንን ትኩሳት ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሞተሩ ቲዩባችን ነው። ድንጋዩ ትራንስፎርመራችን ነው። እህሉ ስፒከሩ ነው። አሁን እህሉ አለቀ እንበል፣ ባለወፍጮው ደግሞ ቡና ሊጠጣ ወጥቷል። ሞተሩ አረፈ? የምን ማረፍ! ሸክሙ ስለቀለለለት ይፈጥናል፣ ድንጋይና ድንጋይ ይነካካል፣ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ የተቃጠለ ድንጋይ ይሸታል። ባዶውን የሚዞር ወፍጮ የሚፈጨው ራሱን ነው። ከዚያ ወቃሪ ፍለጋ ነው። ቲዩብ አምፕም ስፒከር ሳይሰካለት ሲጮህ የሚሆነው ይኸው ነው። ድምፅ የለም፣ ሰላም ይመስላል፣ ውስጡ ግን ራሱን እየፈጨ ነው።

ገና አልጨረስኩም። ባለወፍጮው ድንጋዮቹን የሚያጠብቅበትና የሚያላላበት መዘውር አለው። ጤፍ ሲመጣ ያጠብቃል፣ በቆሎ ሲመጣ ያላላል። ለጤፍ ባጠበቀው ድንጋይ በቆሎ ብትለቁበት ሞተሩ ያቃስታል። ለበቆሎ ባላላው ጤፍ ብትለቁበት ደግሞ ሳይፈጭ ያልፋል። አምፓችሁ ጀርባ ላይ ያለችው 4፣ 8፣ 16 የምትል ማዞሪያ ያቺ መዘውር ናት። ቁጥሮቹ ኦም ናቸው፣ ስፒከሩ ለከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ፤ ተቃውሞውን ኢምፒዳንስ ይሉታል። ኢምፒዳንስ ማመሳሰል ማለት ለመጣው እህል ድንጋዩን ማስተካከል ነው። 8 ኦም ስፒከር፣ 8 ላይ። ሁለት ባለ8 በፓራለል 4 ናቸው፣ 4 ላይ። ሁለት ባለ16 በፓራለል 8 ናቸው፣ 8 ላይ።

አቴኑዌተሩስ? የሚወርደው እህል እንደድሮው ነው፣ አንድ ፍሬ አልጎደለም። ሞተሩ ያንኑ ሸክም ነው የሚያውቀው። ግን ከታች ሁለት መውጫ ሰርተናል፣ ትንሹ ወደ እናንተ ከረጢት፣ ትልቁ ወደ ሌላ ጆንያ። ያ ሌላው ጆንያ ሬዚስተሮቻችን ናቸው። እዚያ የገባው ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ትኩሳት ይኸው።

ወደ ሥራው ልገባ ነበር፣ ግን ባለፈው ቪዲዮ ስር የተጻፈው ኮመንት አላስገባኝም። አንዱ ጻፈ፣ ሌላው ላይክ አደረገ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ምን ይላል፦ «ኦሙ በጨመረ ቁጥር ለአምፑ ደህና ነው፣ ስለዚህ ጨርሶ ስፒከር ባይሰካ ይመረጣል።» አይ! አይ ወንድሜ! ይሄ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከመኪና ቴፕ ነው የመጣው። የመኪና ቴፕና የትራንዚስተር አምፕ የሚገጥሙ ልጆች ያሉት ለራሳቸው ሥራ ልክ ነው፣ እነሱን አልወቅስም። ትራንዚስተር አምፕ የሚያወጣውን ቮልቴጅ እሱ ይወስናል። ኦሙ ሲያንስ ከረንቱ ይጨምራል፣ ትራንዚስተሩ ይግላል፣ ይቃጠላል። ኦሙ ሲጨምር ከረንቱ ይቀንሳል። ስፒከር ከሌለ ከረንት የለም፣ አምፑ ቁጭ ብሎ ያርፋል።

ቲዩብ አምፕ ግን መሃል ላይ ትራንስፎርመር አለው። ትራንስፎርመሩ ጥቅል ሽቦ ነው፣ ጥቅል ሽቦ ደግሞ ከረንት ድንገት ሲቋረጥበት አይወድም፣ ቮልቴጁን ወደ ላይ ይተኩሰዋል። በኛ 2204 ውስጥ ቲዩቦቹ የሚያዩት ጭነት 3400 ኦም አካባቢ ነው። ይሄን ለ8 ስታካፍሉት 425፣ ስኩዌር ሩቱ 20 ከምናምን፣ ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን የሚለዋውጥበት እጥፍ ይሄ ነው። ስፒከሩ ጋ ያለች 20 ቮልት ቲዩቡ ጋ 400 ቮልት ናት ማለት ነው። ይሄ ጤነኛው ነገር ነው። ስፒከሩ ሲነቀል ያ 400 ሺዎች ውስጥ ይገባል። መውጫ ሲያጣ የት ይሄዳል? የቲዩቡ መሰኪያ ላይ በ3ኛውና በ2ኛው ፒን መሃል ይዘላል፣ 3ኛው ፕሌቱ ነው፣ ትልቁ ቮልቴጅ ያለበት፣ 2ኛው ማሞቂያው። የዘለለበት ቦታ ጥቁር የካርቦን መስመር ይተዋል፣ በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል። መስመሩ አንዴ ከተሰራ በሚቀጥለው ጊዜ መንገዱ የተጠረገ ነው። ወይም ትራንስፎርመሩ ውስጥ የሽቦውን ልባስ ይበሳዋል፣ ያኔ ቅድም ያልኳችሁ ዋጋ።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የፌንደር አምፕ ጀርባ እዩ። ዋናው የስፒከር ጃክ ምንም ካልተሰካበት ራሱን ሾርት የሚያደርግ ነው። አስቡት እስቲ! ኩባንያው ሆን ብሎ ሾርት አድርጎ ነው የሚሸጥላችሁ። ለምን? ለቲዩብ አምፕ ለትንሽ ጊዜ ሾርት መሆን ክፍት ከመሆን ስለሚሻል። ትራንዚስተር አምፕ ላይ ይሄን አድርጉ፣ ጭሱን ታያላችሁ።

«ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ከሆነስ?» ያላችሁም አላችሁ። ዜሮ ላይ ሲግናል ስለሌለ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ግን አንድ ሰው መጥቶ ቁልፉን ነካ ካደረገ አለቀ። ልምድ አታድርጉት።

እሺ፣ ሥራው። ቶሎ ቶሎ ነው የምሄደው፣ ኦም ህግን ታውቃላችሁ ብዬ።

የምንሰራው ኤል ፓድ ነው፣ አንድ ሬዚስተር በሲሪየስ አንድ በፓራለል የሚገባበት ዓይነት፣ በ12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን ልዩነት መለኪያ ነው) የሚቀንስ፣ ለ8 ኦም። ከአምፑ ፕላስ ወደ ስፒከሩ ፕላስ በሲሪየስ 6 ኦም። ከስፒከሩ ጎን በፓራለል 2.7 ኦም። ስፒከሩ 8 ከ2.7 ጋር 2 ይሆናል፣ ሲደመር 6፣ 8። አምፑ 8 አየ፣ ደስ አለው። ከ50 ዋት 37 ዋት ግድም ባለ6ቱ ላይ ይቀራል፣ 9 ዋት ግድም ባለ2.7ቱ ላይ፣ ስፒከሩ ጋ 3 ዋት ትደርሳለች። «3 ዋት ብቻ?» አትበሉ፣ 3 ዋት ቤት ውስጥ በደንብ ይሰማል። ጆሮ እንደ ሒሳብ አይሰማም። 50ን 25 ብታደርጉት 3 ዴሲቤል ነው፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጩኸቱ በግማሽ የቀነሰ የሚመስለን ወደ 5 ዋት ስንወርድ ነው።

ባለ6ቱን አንድ ሬዚስተር አታድርጉት። ሁለት ባለ12 ኦም፣ እያንዳንዳቸው 100 ዋት፣ በፓራለል። ምክንያቱም ይሄ ሬዚስተር ከተበጠሰ አምፑ ክፍት ቀረ ማለት ነው፣ ባዶ ወፍጮ። ሁለት ከሆኑ አንዱ ቢሄድ አምፑ 14 አካባቢ ያያል፣ አይመችም ግን ሸክም አለው። ባለ2.7ቱ 50 ዋት ይሁን። አራተኛው 220 ኦም፣ 25 ዋት፣ ከአምፑ በሚገባው ጃክ ላይ ፕላስና ማይነሱን ያገናኛል። ይሄ ኢንሹራንስ ነው። ሁሉም ነገር ቢበጠስ ያ የሚተኮሰው ቮልቴጅ መሄጃ ያገኛል፣ እናንተም አምፑን ለማጥፋት ጊዜ ታገኛላችሁ።

ለምን ይሄን ያህል ትልቅ ዋት? አንደኛ፣ 50 ዋት የተባለ አምፕ ሙሉ ሲገፋ 70፣ 80 ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ያ ወርቃማ የአሉሚኒየም ልብስ የለበሰ ሬዚስተር ላይ 100 ዋት ተብሎ የተጻፈው ሂት ሲንክ፣ ሙቀቱን የሚወስድለት ብረት፣ ላይ በደንብ ሲታሰር ነው። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ግማሹንም ላይችል ይችላል። ስለዚህ ወፍራም አሉሚኒየም ላይ፣ ከስሩ የሙቀት ቅባት ቀብታችሁ፣ በብሎን አጥብቁት። ሳጥኑ የብረት ይሁን፣ ከላይም ከታችም ቀዳዳ ይኑረው። ፕላስቲክ ሳጥን፣ የእንጨት ሳጥን፣ የብስኩት ካርቶን፣ ሁሉም አይሆንም። ምንጣፍ ላይም አታስቀምጡት።

ሽቦው ወፍራም። ከአምፕ ወደ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ ካቢኔት የስፒከር ገመድ ተጠቀሙ። የጊታር ገመድ ጫፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይሰካል፣ ግን የውስጡ ሽቦ ቀጭን ነው፣ ይግላል፣ ከቀለጠ ደግሞ ክፍት ነው። ማጥፊያና ማብሪያ ስዊች ልጨምር ለምትሉ፣ አምፑ እየጮኸ አትቀያይሩት። ተራ ስዊች ሲሻገር ለአፍታ ሁለቱንም ይለቃል፣ ያቺ አፍታ ትበቃለች። እኔ ስዊች አልወድም፣ ነቅዬ እሰካለሁ፣ አምፑን አጥፍቼ።

እንዳልረሳው፣ ከአሜሪካ አምፕ ያመጣችሁ ልጆች ጠይቃችሁኝ ነበር። ባለ120 ቮልቱ አምፕ እዚህ በኛ 220 የሚሰራው መቀነሻ ትራንስፎርመር ስታገኙለት ነው፣ አቴኑዌተር ለዚያ ምንም አያደርግም። ሁለቱ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው።

አሁን አምፑን ሳትነኩ በቴስተር ፈትሹ። እዚህ ጋ ሌላ ግራ መጋባት አለ፦ ባለ8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ 6፣ 7 ገደማ ነው የሚያሳየው። አልተበላሸም። ቴስተሩ የሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ነው የሚያየው፣ ኢምፒዳንሱ ከድምፁ ፍሪኩዌንሲ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ስፒከር ሰክታችሁ የሳጥኑን መግቢያ ስትለኩ 7.6 አካባቢ ካያችሁ ልክ ነው። ስፒከሩን ንቀሉትና ድጋሚ ለኩ፣ 8.4 አካባቢ። አያችሁ? ስፒከሩ ቢነቀል እንኳ አምፑ ባዶ አይቀርም። ከ200 በላይ ካሳያችሁ ግን ሲሪየሱ አልተበየደም፣ ወደ መበየጃው ተመለሱ። ዜሮ ካሳያችሁ ሾርት ነው።

ድምፁስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይደፈናል። ስፒከር ኢምፒዳንሱ ቋሚ አይደለም አልኩ አይደል፣ ሬዚስተር ግን ደረቅ ነው፣ አምፑና ስፒከሩ እንደበፊቱ አይነጋገሩም። ለዚህ ነው ከ12 ዴሲቤል በላይ በሬዚስተር ብቻ መቀነስ የማልወደው። ጥቅል ሽቦ የሚጨመርበት ዓይነት አለ፣ ብዙ ላይክ ካየሁ እሰራዋለሁ። ቲዩቦቹ ደግሞ ጎረቤት ስላልሰማ አላረፉም፣ ሙሉ እየሰሩ ነው፣ እንደ ኮንሰርት ያልቃሉ።

ስትጀምሩ በዝቅተኛ ቮልዩም አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ጨምሩ። መዳፋችሁን ከሳጥኑ በላይ ያዙ፣ አትንኩት። አዲስ ሬዚስተር መጀመሪያ ሲግል የቀለም ሽታ ሊያወጣ ይችላል፣ ጭስ ካወጣ ግን አጥፉ። ካቢኔታችሁ 16 ኦም ለሆነ ሁሉንም በሁለት አባዙት፦ 12፣ ሁለት ባለ2.7 በሲሪየስ፣ ለመግቢያው 470። 4 ኦም ለሆነ በግማሽ፦ 3፣ ሁለት ባለ2.7 በፓራለል፣ ለመግቢያው 100። የአምፑን ማዞሪያም አብራችሁ አዙሩት። ዝርዝሩን ከቪዲዮው ስር ጽፌዋለሁ፣ ቻው ቤተሰብ።