በሞቴ ብላ

ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የጎረቤት ውሻ ይጮኻል፤ ከተሰማችሁ ይቅርታ።

ስለ ትሮይ ጦርነት ላወራ ነው፤ ግሪኮች የትሮይን ከተማ ከበው ተዋጉ ስለሚባለው ጥንታዊ ታሪክ። ትሮይ ሲባል ቶሎ የሚመጣላችሁ ፈረሱ ነው አይደል? ከእንጨት የተሠራው፣ ሆዱ ውስጥ ወታደር የታጨቀበት። እኔም ኢሊያድን፣ ስለዚህ ጦርነት የሚያወራውን የሆሜርን ረጅም ግጥም፣ የጀመርኩት ያንን ፈረስ ፍለጋ ነበር። ሜምኖንንም ጭምር። ሜምኖን ለትሮይ ሊዋጋ መጥቶ በግሪኮቹ ጀግና በአኪሌስ እጅ የወደቀው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው። ደረታችሁን ለመንፋት ግን አትቸኩሉ፤ የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ የዛሬውን ካርታ ማለታቸው አይደለም።

24 ምዕራፍ፣ ከ15,000 በላይ ስንኝ። ጨረስኩት። ፈረሱ የለም! ሜምኖንም የለም። የአኪሌስ ተረከዝ የሚባለው፣ ያ ብቸኛ ደካማ ቦታው፣ እሱም የለም። ፈረሱ በሆሜር ሌላው ግጥም፣ ኦዲሴይ ላይ፣ በጨረፍታ ይነሳል፤ ዘርዘር አድርጎ የተረከው ከመቶዎች ዓመታት በኋላ የመጣው ሮማዊው ቨርጂል ነው። ኢሊያድ አሥር ዓመት ከፈጀው ጦርነት የሚተርከው የመጨረሻውን ዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ተሸወድኩ ብዬ ነበር፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ እስክደርስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄክቶር የትሮይ ንጉሥ የፕሪያም ልጅ ነው። የአኪሌስን የልብ ወዳጅ ፓትሮክለስን ገደለ። አኪሌስ ደግሞ ሄክቶርን ገደለ። መግደሉ አልበቃውም። እግሩን በስቶ፣ በጠፍር አስሮ፣ በሠረገላ ጎተተው። ጎህ ሲቀድ ይነሳና በወዳጁ መቃብር ዙሪያ ሦስቴ ይጎትተዋል። አይቀብረውም፣ አያስቀብረውም።

ፕሪያም በስተርጅና፣ በሌሊት፣ ካሣ አስጭኖ ጠላት ሰፈር ገባ። አኪሌስ ፊት ተንበርክኮ ጉልበቱን ያዘ፣ እጁን ሳመ። ልጆቹን የፈጀውን እጅ! እኛ ዘንድ ደም ሲፈስ ምሕረት ለማኙ የገዳይ ወገን ነው። እዚህ ግን የሟች አባት ነው የሚወድቀው። ሃምሳ ወንዶች ልጆች ነበሩኝ ይለዋል። አባትህን አስብ ይለዋል። ሁለቱም ተላቀሱ፤ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለአባቱና ለወዳጁ።

ይሄ ቦታ ዝነኛ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከለቅሶው ቀጥሎ ያለው እራት ነው።

አኪሌስ አስከሬኑ እንዲታጠብ ያዝዛል፤ ግን ራቅ ተደርጎ። ለምን? ሽማግሌው ልጁን አይቶ ቢቆጣ፣ የኔም ንዴት ይነሳና እገድለዋለሁ ብሎ ነው። ራሱን ፈራ። ከዚያ እንብላ አለ። 12 ልጆቿ በአንዴ ያለቁባት ኒዮቤ እንኳ እህል ቀምሳለች አለው። ብድግ ብሎ ነጭ በግ አረደ። ሥጋው ሲጠበስ ራሱ አደለ። ፕሪያም ልጁ ከሞተ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም ነበር።

አባቴ ያረፈ ጊዜ እናቴ እህል እምቢ አለች። እዝን ይመጣል፣ ተከድኖ ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን አንድ ጎረቤታችን መጡ። ከአባቴ ጋር በአጥር ተጣልተው ለዓመታት እንደተኳረፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲገቡ ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ አጠገብ ቁጭ አሉ፣ ከሽሮው ጠቀለሉና እጃቸውን ዘረጉ።

"በሞቴ" አሉ። "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።"

እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ወጡ በጣታቸው መሐል ወርዶ እጅጌያቸውን ነካ። እናቴ ትንሽ አየቻቸውና አፏን ከፈተች።

በሞቴ በቀን ስንቴ እንላለን? ስንለው ማን ሞቱን ያስባል? አኪሌስ ግን እናቱ ቴቲስ ነግራዋለች፤ ከሄክቶር ሞት ቀጥሎ ያንተ ተራ ነው ብላ። ያን ሌሊት ሥጋውን ሲያድል ይህን እያወቀ ነው። አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ "በሞቴ ብላ" ሲል ቃሉ ልክ ይሆንለት ነበር። እኛ የምንለው በዱቤ ነው።

ከበሉ በኋላ አኪሌስ ለቀብሩ ስንት ቀን ይበቃችኋል ብሎ ጠየቀ። ፕሪያም ቆጠረለት። ዘጠኝ ቀን እናለቅሳለን። በአሥረኛው እንቀብራለን። በአሥራ አንደኛው መቃብሩን እንከምራለን። በአሥራ ሁለተኛው፣ ግድ ከሆነ፣ እንዋጋለን። አኪሌስ እሺ አለ። እንዳይፈራም የሽማግሌውን የእጅ አንጓ ያዝ አደረገው።

ጎረቤታችንም የአባቴ አርባ ካለፈ በኋላ የአጥሩን ነገር መልሰው አነሱት።

በሉ፣ ደህና እደሩ።