ቁጥሩ ወርዷል ብሎ ኪኒኑን ያቆመው አባቴ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ የምቀዳው ከኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው። ከሥር የሚሰማችሁ የጀሪካን ድምፅ ነው፤ ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል።

ስለ አባቴ ላወራችሁ ነው። አባዬ የዛሬ ሁለት ዓመት የልብ ደም ስሩ ተዘግቶ ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ አቶርቫስታቲን የሚባል ኪኒን ይወስዳል፣ ማታ ከእራት በኋላ። ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል የሚያወርዱ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ባለፈው ወር መሳቢያውን ስከፍት ግን ያልተነካ አንድ ሙሉ ፓኬት አገኘሁ።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ኮሌስትሮሌ ወርዷል እኮ ልጄ፣ ውጤቱን አብረን አይተናል። ደግሞ ሁዳዴ ነው፤ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ከየት ይመጣል?» አለኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ሽፈራው እያፈሉ መጠጣት ይበቃል ብለውታል።

በጣም ደነገጥኩ። ግን አባዬ ያለው ነገር ለብዙ ሰው ትክክል ይመስላል፣ ለእኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ቁጥሩ ወረደ፣ ሥራው አለቀ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አነበብኩ፣ ሐኪሙንም ጠየቅኩ።

መጀመሪያ የጾሙን ነገር ልናገር። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን ነው፣ በተለይም ጉበታችን። ስለዚህ ሥጋና ቅቤ ቢቀርም ጉበት ሥራውን አያቆምም። ስታቲን የሚይዘው ይህንን የጉበት ሥራ ነው። ቁጥሩ የወረደውም ኪኒኑ ስለተወሰደ ነው፤ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል።

ዋናው ነገር ግን ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስቡ ቀስ በቀስ ሞልቶ ቱቦውን ስለደፈነው ብቻ አይደለም። በደም ስሩ ግድግዳ ውስጥ የተጠራቀመው ስብ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ልክ እንደ ብጉንጅ ከላይ ያለው ቆዳ ይሳሳል፤ አንድ ቀን ሲፈነዳ ደሙ እዚያው ላይ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ስታቲን ይህንን ቁጣ ያበርዳል፣ የሳሳውን ቆዳ ያጠነክራል፣ ደም ስሩም በቀላሉ እንዲለጠጥ ይረዳዋል። ይህን ሳውቅ አባዬ ያን ኪኒን መሳቢያ ውስጥ የተወበትን እያንዳንዷን ማታ ማሰብ ጀመርኩ።

በ2008 በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣ ጁፒተር የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። 17,802 ሰዎች ነበሩበት። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ አልነበረም፤ በደማቸው ውስጥ ግን የቁጣ ምልክት የሆነው ሲአርፒ ከፍ ብሎ ነበር። ሮሱቫስታቲን የሚባለውን ሌላ ስታቲን የወሰዱት ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የመሳሰሉት በ44 በመቶ ቀነሱ። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፤ መድኃኒቱ መጥፎውን ኮሌስትሮልም በግማሽ አውርዶት ስለነበር፣ ጥቅሙ ከየትኛው ምን ያህል እንደመጣ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ለእኔ ግን፣ ለአባዬ ሲሆን፣ ክርክሩ ለውጥ የለውም፤ ካቆመው ሁለቱንም ነው የሚያጣው። የኤችአይቪ ቫይረስ በደማቸው ያለ ሰዎች ላይም በ2023 ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፣ ፒታቫስታቲን የሚባል ሌላ ስታቲን የልብ አደጋን በ35 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ካንሰር ይከላከላል፣ የመርሳት በሽታን ያስቀራል የሚባለው ግን በሙከራ አልተረጋገጠም፤ እሱን ከሰማችሁ አትቀበሉ።

ሌላው የአባዬ ቅሬታ ጭኑ ነበር። «ኪኒኑ ነው የሚጠዘጥዘኝ» ይላል። በ2020 የወጣ አንድ ጥናት፣ በሕመም ምክንያት ስታቲን ላቆሙ ሰዎች ተራ በተራ እውነተኛውንና ምንም የሌለበትን ኪኒን ሰጣቸው፤ በስታቲኑ ጊዜ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ በባዶውም ኪኒን ተሰማቸው። ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፣ ይሰማል። ጡንቻን በእውነት የሚጎዳበት ጊዜም አለ፣ አልፎ አልፎ ነው እንጂ፤ ሽንት ከጠቆረ ወይም ሰውነት ከዛለ ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ስኳርንም ትንሽ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትጀምረው። አባዬ ግን በዚያ ሳምንት ሃያ ሃያ ሊትር ጀሪካን አራት ፎቅ ሲያወጣ ነበር የሰነበተው።

ስለ ሽፈራው ስናወራ ደስ ያለው አንድ ነገር ነበር። ስታቲን ራሱ መነሻው ከተፈጥሮ ነው። አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪ ከ6,000 በላይ ሻጋታና መሰል ነገር ፈትሾ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1973 የመጀመሪያውን ያገኘው ከሻጋታ ነው። «ከሻጋታ?» አለኝ አባዬ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ።

ማክሰኞ ሐኪሙ ጋ አብረን ሄድን፣ እንደገና ጀመረ። ሽፈራውን አልከለከልኩትም፣ ጠዋት ይጠጣል። ኪኒኑ ማታ ስለሆነ ጾሙንም አይነካበትም። አሁን ሳህኑን ሳነሳ ብርጭቆ ውሃ አጠገቡ አስቀምጣለሁ፤ እስኪውጠው ድረስ ከጎኑ እቀመጣለሁ።