ማታ ማን ይዘጋላቸዋል?

ሰላም ሰላም። ዛሬም የምቀዳው ያው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ድምፁ ከታፈነ በጋቢው ምክንያት ነው። መብራት አለ። አዎ፣ አለ። አታጨብጭቡ፣ ሰምቶ ይሄዳል።

«የተከልሻት ጎመን እንዴት ሆነች?» የምትሉኝ ሰዎች፦ ሞታለች። በቃ። ነፍስ ይማር።

እሺ። ቅዳሜ የዶሮ ቤት ልገዛ ሄጄ ነበር። ልገዛ ማለት... አዝዤ መጣሁ፤ ቀብድ ከፍያለሁ። ዶሮዎቹ ገና ናቸው። መጀመሪያ ቤቱ፣ ከዚያ ዶሮው። አምስት ቄብ ነው ያሰብኩት። አምስት ብቻ፤ ኢንቨስተር እንዳትሉኝ። አውራ የለም። «ያለ አውራ እንዴት ይጥላሉ?» ብሎ የጻፈልኝ ልጅ፣ የኔ ወንድም፣ ይጥላሉ። ጫጩት አይሆንም እንጂ እንቁላሉ ይመጣል። ያለ አለቃም ሥራ ይሠራል እኮ። እንዲያውም... ተዉት፣ የቢሮ ሰዎች ይሰሙኛል።

ከአያት ወደ ጣፎ ስትመጡ መንገድ ዳር በርና መስኮት የሚበይዱ፣ አልጋ የሚሠሩ ልጆች አሉ አይደል? እዚያ ነው። ሁለት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ ኬጅ ነው፣ የብረት፣ ባለ ሦስት ፎቅ። ወለሉ ሽቦ ነው፤ ትንሽ ዘመም ያለ ስለሆነ እንቁላሉ ራሱ ተንከባልሎ ወደ ፊት ይመጣል። ኩሱም ወደ ታች ይወርዳል። ንጹሕ ነው፣ ቦታ አይፈጅም። ግን ዶሮዋ ክንፏን መዘርጋት አትችልም። ቆሜ ሳየው ኮንዶሚኒየም መሰለኝ። የሚያሳየኝን ልጅ «ስንተኛ ፎቅ ነው የሚሻለው?» አልኩት። አልሳቀም።

ሁለተኛው የእንጨት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ፊቱ ወንፊት ሽቦ፣ ውስጡ ቆጥ። ይኸውላችሁ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያልኩ ነው ያደግኩት። ይሄ ቆጥ የሚባለውን ነገር ግን ቀርቤ አይቼው አላውቅም! የካዛንቺስ ልጅ ቆጥ ከየት ያያል። እንጨት ነው። ዶሮ የምትተኛበት እንጨት። ከእንቁላል መጣያው ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ከፍ ያለውን ስለሚመርጡ መጣያው ውስጥ ይተኙና በኩስ ያበላሹታል። ይሄን ሳውቅ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! ሠላሳ ምናምን ዓመት ተርቼበት ትርጉሙን ቅዳሜ ጠዋት ገባኝ።

የሽቦውንም ነገር ተማርኩ። ያ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው የዶሮ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ነው እንጂ ሸለመጥማጥ እንዳይገባ አይደለም። ሸለመጥማጥ ጭንቅላቱ ከገባ የቀረው ይከተላል። ደግሞ አንዷን በልቶ አይሄድም፤ የቻለውን ያህል ገድሎ ነው። እዚህ ሰፈር ማታ ማታ ጅብ ስሰማ ነው የምፈራው። ለካ የሚያስፈራው ድምፅ የሌለው ነው።

እሺ። ወደ ነገሩ ልምጣ፤ ዙሪያውን እየዞርኩ ነው።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የልጁ አባት ይሁኑ ጎረቤት አላውቅም። ጋቢ ለብሰው ጄሪካን ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዝም ብለው ያዩኛል። እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ሁሉ ለልጁ እየነገርኩት ነው። አየር መውጫው ከላይ ይሁን፣ ቆጡ ላይ ግን ንፋስ አይምታቸው፤ ለአምስት ዶሮ ቢያንስ አንድ ካሬ ሜትር እፈልጋለሁ፤ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይ ጭድ አነጥፋለሁ። ልክ የቢሾፍቱ ግብርና ምርምር ማዕከል የላከኝ ይመስል። ሽማግሌው ተነሡ። መጡ። በሯ ላይ መቀርቀሪያ አለች፣ ትንሽ፣ ከታች በኩል። ጎንበስ ብለው ከፈቷት። ዘጓት። ደግመው ከፈቷት።

«ማታ ማን ይዘጋላቸዋል የኔ ልጅ?»

እኔ ምን አልኩ? «እናቴ» አልኩ።

እንዲሁ። ሳላስብ። አፌ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ የነበረች ይመስል። እሳቸው «እ» አሉና ቀና ሊሉ ሲሉ... ጊዜ ወሰደባቸው። አንድ እጃቸውን ቆርቆሮው ላይ አድርገው፣ ሌላውን ጉልበታቸው ላይ፣ ቀስ ብለው። እኔም እያየሁ፣ የእማዬን ጉልበት እያሰብኩ።

እና ታውቃላችሁ፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ዶሮ 12 ሰዓት ከምናምን ላይ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ራሷ ትገባለች። ሲጨልም አታይም፤ «የዶሮ ዳፍንት» የምንለው ከዚህ ነው። ማንም አይነዳትም። ግን በሩን ራሷ አትዘጋም። እኔ ደግሞ መገናኛ ሰልፍ ላይ ነኝ በዛ ሰዓት። ቤት የምደርሰው ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ተኩል። እና ማን ሊዘጋ ነው?

የዶሮውን ሐሳብ ስጀምር «ለእማዬ ነው» ስል ሰምታችኋል። ከካዛንቺስ ከወጣን ወዲህ... እሱን አውርተነዋል። እዚያ አቦል ሳይፈላ ጎረቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር። እዚህ በረካውን ብቻዋን ነው የምትጠጣው። እና ዶሮ ይኖራታል፣ በሱ ትጠመዳለች አልኩ። የምትጠመድበት... አይ፣ ቃሉ ራሱ አሁን አላማረኝም። ጓደኛ ልሰጣት ነው ወይስ ሥራ? ለ70 ዓመት ሴት ሥራ ቀጥሬ ስጦታ ብዬ ጠራሁት? ወይ ደግሞ እያጋነንኩ ነው። ሥራ ትወዳለች እኮ። ቁጭ በይ ስትባል ነው የምትታመመው። አላውቅም።

ብቻ ልጁን «የዶሮ ቤቱን እግር ከፍ አድርገው» አልኩት። 80 ሳንቲ ሜትር። ሳትጎነበስ እንድትዘጋው። «መሰላል ሊያስፈልጋቸው ነው፣ ሌላ ሂሳብ ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ እንቁላሉን በወርቅ ነው የምበላው።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ስለ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ስለ ሽማግሌው አይደለም። «ለምን ይሄን ያህል ከፍ አደረግሽው?» አለች። «ለሸለመጥማጥ» አልኩ። ሸለመጥማጥ ግድግዳ የሚወጣ እንስሳ ነው! ታውቃለች። ገጠር ነው ያደገችው። ዝም ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ስለ ዶሮው ጠየቀችኝ። «ሐበሻ ነው?» አይ፣ ቦቫንስ የሚባለው የፈረንጅ ዝርያ ነው አልኳት፤ የሐበሻዋ በዓመት ሃምሳ ቢሆን ነው፣ ይቺ ወደ ሦስት መቶ ትጥላለች። «ትታቀፋለች?» አትታቀፍም፣ ጠባይዋ ጠፍቶባታል። «ያልታቀፈች ዶሮ ምኑን ዶሮ ሆነች» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን... ስንት ጊዜ አሰብኩት። መሳቋ ነበር፣ መሰለኝ።

ክትባቱንም ላስታውሳችሁ፤ ፈንግል ቀልድ አይደለም፣ ከገባ ሁሉንም ነው የሚጨርሰው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ለአምስት አይከፍቱትም፤ ስለዚህ ተከትበው ያደጉ ቄቦች ነው የምገዛው። መኖ ደግሞ ለአንዷ በቀን ወደ 120 ግራም፤ ለአምስቱ በወር 18 ኪሎ። ኩንታል ግዢ ያላችሁኝ ሰዎች፣ አምስት ወር ከምናምን ይቀመጣል፣ ይሻግታል፣ አመሰግናለሁ።

ምን እያልኩ ነበር?

ዛሬ ልጠይቃት ነበር። «እማዬ፣ ማታ ትዘጊላቸዋለሽ?» በቃ ይሄው ነው ጥያቄው፤ አጭር ነው። ቡና እያፈላች ነበር። ሁለተኛውን ቀድታ ሰጠችኝ፣ እኔም አፌን ከፈትኩ፣ እሷም ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጀመረች። ስለ ሽንኩርት አወራን። ብዙ አወራን። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ የዶሮ ቤቱን የማስቀምጥበት ጥግ ላይ ቆመች። እየለካች ይሁን፣ ዝም ብላ ቆማ ይሁን፣ ከመስኮት አይለይም።

ቅዳሜ ነው የምረከበው። ጭዱን ገና አልገዛሁም። መቀርቀሪያዋንም ትልቅ አድርግልኝ ልለው ይሆን? ወይስ እንዳለች...