ፋይል ኮፒ ሲንቀራፈፍ ፓኬጅ አትጨምሩ፣ ኬብሉን እዩ

ሰላም ቤተሰብ! እንደምን ከረማችሁ? ዛሬም ከአዳማ ነኝ። የምትሰሙት ጩኸት የማራገቢያው ነው፤ የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ላጠፋው አልችልም።

ዛሬ የምናወራው ዊንዶውስ ላይ ፋይል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በኔትወርክ ስታሳልፉ ስለሚንቀራፈፈው ነገር ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ጓደኛ አለኝ። ባለፈው 60 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ ኮፒ ሲያደርግ አገኘሁት። ፍጥነቱ 11 ሜጋባይት በሰከንድ። አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው! ሙሽሮቹ ደግሞ መጥተው ቁጭ ብለዋል።

ይህችን 11 ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ልመልስ። «የኢንተርኔት ፓኬጄን ላሳድገው?» ኧረ በፍጹም! ብራችሁን ያዙ። እንዲህ አስቡት። እዚሁ አዳማ ውስጥ ከፖስታ ቤት ፍራንኮ ሰፈር በባጃጅ ልትሄዱ ነው። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ስድስት መስመር አለው አይደል? አሥራ ሁለት ቢያደርጉት ፍራንኮ ቶሎ ትደርሳላችሁ? አትደርሱም! የክፍያ ጣቢያው ጋ መች ደረሳችሁና! መንገዳችሁ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ባጃጁን የያዘው የሰፈሩ መንገድ ነው። ኢንተርኔት ማለት ከከተማ የሚያስወጣው የፍጥነት መንገድ ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ግን አንድ ቤት ናቸው። ፋይሉ ከቤት አይወጣም። ካላመናችሁኝ ራውተሩን ሳታጠፉ ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት መስመር ብቻ ንቀሉ። ኮፒው ይቀጥላል። ፓኬጅ ባለቀበት ቀንም ይሠራል። ሰው ለማይጠቅመው ነገር በየወሩ ሲከፍል ሳይ በጣም ያንገበግበኛል።

እሺ፣ 11። ኔትወርክ የሚለካው በቢት ነው፤ የኮፒው መስኮት የሚያሳያችሁ በባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። 100 ሜጋቢትን ለ8 ስታካፍሉ 12.5፣ መንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ 11 ገደማ። ስለዚህ 11 ላይ ከቆመ መስመራችሁ በ100 ሜጋቢት ነው የሚሠራው። ጊጋቢት፣ ማለትም 1000 ሜጋቢት ቢሆን 110 አካባቢ ታያላችሁ። ሴቲንግ፣ ኔትወርክ፣ ኤተርኔት፤ ሊንክ ስፒድ (የመስመሩ ፍጥነት) የሚለውን አንብቡ። 100 ካለ ኬብሉን ጠርጥሩ።

የጓደኛዬ ኬብል የጠረጴዛ እግር ተጭኖት ነበር። ጫፉን ወደ ብርሃን ስናዞረው ቡኒዋ ሽቦ ፕላስቲኩ ውስጥ ተበጥሳለች። ኬብሉ ስምንት ሽቦ አለው። ለ100 አራቱ ይበቃሉ፣ ብርቱካናማዎቹና አረንጓዴዎቹ። ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ለዚህ ነው ማንም ያልጠረጠረው፤ መብራቱ ይበራል፣ ኢንተርኔቱም ይከፍታል። ኬብሉን ቀየርነው። 110! ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ።

ኬብሉ ደህና ከሆነስ? ስዊቹ፣ ማለትም የኮምፒውተሮቹ ኬብሎች የሚገናኙበት ሳጥን፣ የድሮ የ100 ሜጋቢት እንዳይሆን እዩት። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ከደረሰ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ሁለቱም ማሽኖች ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ያው ፋይል አየሩን ሁለቴ ያቋርጣል፤ አንዱን እንኳ በኬብል አድርጉት። በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፎቶዎች ከሆኑ ደግሞ ዚፕ አድርጋችሁ ላኩ፣ ወይም ሮቦኮፒ የሚባለውን የዊንዶውስ የኮፒ ትዕዛዝ ከኤምቲ (/MT) ጋር ተጠቀሙ፤ ስምንት ስምንቱን በአንዴ ይወስድላችኋል።

የኬብል ጫፍ አሠራርን በሚቀጥለው ቪዲዮ አሳያችኋለሁ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ። እስከዚያ የእናንተ ሊንክ ስፒድ ስንት እንደሚል ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ 100 ለሚላችሁ ሁሉ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።