ካቴተሩ አልወጣም ሲል፣ አጥሮም ሲወጣ

እንደምን አደራችሁ! ከፍኖተ ሰላም፣ ከቢቸና፣ ከደጀን፣ ከእንጅባራ የመጣችሁ፣ ቤት ለቤት የምታክሙ ነርሶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ፒክ ላይን ነው፤ በላይኛው ክንድ ደም መልስ ገብቶ ጫፉ ልብ አጠገብ የሚደርሰው ረጅም ካቴተር፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ። ማውጣቱ ብዙ ጊዜ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይህን መልመዳችን ነው የሚያሰጋን፤ ያልተለመደ ነገር ሲገጥም እጃችን ቶሎ አይቆምም።

ሲገባ ስንት ሴንቲሜትር እንደነበር፣ ተቆርጦም ከሆነ ስንት እንደቀረ ያልተመዘገበለትን ካቴተር ቤት ውስጥ አትንኩት። በደረት ቆዳ ሥር የተቀበረውንና የጨርቅ ቀለበት ያለውንም ለሆስፒታል ተዉት፤ ቀለበቱ ከሥጋ ጋር ይያያዛል።

ታካሚው በጀርባው ይተኛ፤ መደብም ይበቃል። ተቀምጦ ከሆነ አየር ሲስብ በቀዳዳው በኩል አየር ወደ ደም ሥሩ ሊገባ ይችላል። ክንዱን ወደ ጎን ዘርግታችሁ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር እያላችሁ በዝግታ ሳቡ። ጫፉ ሊወጣ ሲል ትንፋሹን ይዞ ያምጥ፤ ካልቻለ ወደ ውጭ ሲተነፍስ አውጡት።

አልመጣም ካለ ቁሙ። ብዙውን ጊዜ ደም ሥሩ ተኮማትሮ ነው፤ ፍርሃትና ብርድ ያብሱበታል። ጮቄ ሥር ባሉ ቀዝቃዛ ቤቶች ክንዱን ቀድሞ በጋቢ መሸፈን ይረዳል። ከቀዳዳው ከፍ ብሎ፣ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አኑሩና ታካሚውን እያጽናናችሁ እንደገና ሞክሩ። አሁንም ከያዘ ደም ረግቶበት ወይም ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይሆናል። በንጹሕ ጎዝ ሸፍናችሁ፣ እንዳይንቀሳቀስ በፕላስተር አስራችሁ ላኩት። ጉልበት አትጠቀሙ፤ ከሲሊኮን የተሠራ ካቴተር ይለጠጣል፣ ቀጥሎም ይበጠሳል። ክንዱ አብጦ ካገኛችሁትማ ጭራሹን አትጀምሩ፤ አልትራሳውንድ ይቅደም።

ከወጣ በኋላ በሜትር ለኩት፤ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት። ላዩ ላይ እንደ ስስ ቆዳ ያለ ነጭ ሽፋን ብታዩ አትደንግጡ፤ ከደም የተሠራ ፋይብሪን ነው። የሚያስጨንቀው የርዝመቱ ማጠርና የጫፉ መቀደድ ነው።

ካጠረ ቁራጭ ቀርቷል ብላችሁ ተነሡ። ታካሚው ከተኛበት አይነሣ፣ ክንዱንም አያንቀሳቅስ። ከብብቱ ዝቅ ብላችሁ ማሰሪያ እሰሩ፤ ዓላማው ደም መልሱን መዝጋት ብቻ ስለሆነ የእጅ አንጓው ትርታ እንዳይጠፋ እየዳበሳችሁ። ቁራጩ ወደ ልብና ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል በአምቡላንስ ይሂድ፤ በእጃችሁ የቀረውንም በንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ አብራችሁ ላኩ፣ ሐኪሙ ከኤክስሬዩ ጋር ያመሳክረዋል። ከገጠር ቀበሌ መንገዱ ሩቅ ነውና የአምቡላንሱን ስልክ ከመጀመራችሁ በፊት ያዙ።

ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ቀዳዳውን ጨፍናችሁ በግራ ጎኑ አስተኙት፤ ራሱ ዝቅ ይበል፤ ኦክስጅን ካለ ስጡ፤ አምቡላንስ ጥሩ።

ሁሉም በደህና ካለቀ ቀዳዳውን ቢያንስ 5 ደቂቃ ተጫኑ፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ከዚያም በላይ። ከዚያ ቫዝሊን ያለበት ንጹሕ ጎዝና አየር የማያስገባ ፕላስተር ለ24 ሰዓት ይቆይ፤ ታካሚውም ለ30 ደቂቃ ከተኛበት አይነሣ።